አረፋ የደፈቀው ደም

ሰፈሩ የሚለው እንዲህ ነው። ካውያው፣ ያ ከካፌያችን ትይዩ ላውንደሪ ያለው ሰውዬ፣ የአስፈሪ ፊልም ደም ውስጥ ሆን ብሎ አንድ ከረጢት ሙሉ የዱቄት ሳሙና ገለበጠበት። ለምን ቢሉ፣ ሳቋ የጠፋባትን እህቱን ለማሳቅ። እህቱም ሳቀች። ስትስቅ የሁለት ፎቅ መስኮት ተሰነጠቀ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም ደንግጦ ጤነኛውን ጥርስ ነቀለ፤ ከመንገዱ ማዶ የቆመው አውቶቡስ ያለ ሾፌር ሄደ። ይሄ ሳያንስ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ እድፍ አሸንፎት የማያውቀው ሰውዬ በእህቱ ነጭ ጋውን አንገት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሮዝ እድፍ ሆን ብሎ ትቷል፤ እድፏ እስካለች ድረስ እህቱ ሥራዋን አትተውምና።

ወሬው ሲወራ ደስ ይላል። አውቶቡሱ እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት አልነበረበትም፤ ካፌያችን ውስጥ ሲንከባለል ቆይቶ ነው ጎማ ያወጣው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ነገሩ አልዋጥ ይላል። ካውያው ሆን ብሎ እድፍ ይተዋል ማለት፣ ድመት ሆን ብላ አይጥ ታሳድጋለች እንደማለት ነው። ሰውዬውን የማያውቅ ያምን ይሆናል፤ እኛ ግን በየቀኑ እናየዋለን።

ዕድሜው አርባ አምስት ነው፣ ወይም አርባ። እንፋሎት ውስጥ የኖረ ሰው ፊቱ አይጨማደድም፤ ከሸሚዙ ጋር አብሮ ይተኮሳል። የወጣለትን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል፤ እሱ ራሱም መታወቂያ ሲጠየቅ ጥቂት ያስባል ይባላል። ቤቱ በአራት እርምጃ በስድስት ነው። ሲገቡ ባንኮኒ አለ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት ማሽን፤ አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ይጮሃል። መሐል ላይ ረጅሙ የመተኮሻ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ከበላዩ፣ በብረት ዘንግ ላይ፣ በፌስታል የተሸፈኑ ኮትና ቀሚሶች ተንጠልጥለዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን መስኮት ስትገባና እንፋሎቱ ሲነሳ፣ ያ ሁሉ ልብስ ሰው አልባ ሆኖ በጭጋጉ ውስጥ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ልብሱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ደረሰኙን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ፈዝዞ ይቀራል፤ ለምን እንደመጣ ይጠፋዋል። ከካፌው በረንዳ ላይ ሆነን ስናየው ካውያው ደመና ተከራይቶ የሚሠራ ሰው ይመስለናል።

ሌላው ሰው መዳፍ ያነባል፤ ካውያው እጅጌ ያነባል። ሸሚዝ ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋለት ብርሃን ላይ ያነሳዋል። «ይሄ የብስክሌት ግራሶ ነው። ይሄ የእስክሪብቶ ቀለም ነው፤ ተናደህ ነው የጻፍከው። ይሄ ደግሞ ሊፕስቲክ ነው። እሱን ማንም ሳያየው ነገ በጠዋት መጥተህ ውሰድ።» በዚህ ዓይነት የሰፈሩን ምስጢር ሁሉ ያውቃል፤ ሁሉንም ደግሞ በሙቅ ውሃ አጥቦ ይረሳዋል።

ልብስ አጣቢ ሁሉ በክፉ ቀን የሚመዛት አንዲት መሣሪያ አለች። እድፉ አልወጣ ሲል፣ ደንበኛው ዓይኑን ሲያፈጥ፣ አጣቢው ልብሱን አገላብጦ አይቶ «ሲመጣም እንዲህ ነበረ» ይላል። ከመንገዱ ጫፍ ያለው ተፎካካሪው በቀን ሰባት ጊዜ ይላታል፤ በበዓል ዋዜማ ደግሞ አሥራ አራት። ካውያው ግን በሃያ ዓመት አንድም ቀን ብሏት አያውቅም። «እሷን ያልኩ ዕለት ካውያዬን ከነገመዱ ወንዝ ውስጥ ጣሉት» ይላል። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

እህቱ በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስታርፍ እሷ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ያንጊዜ ያዘችው፣ እስካሁን አልለቀቀችውም። እሱ «እትዬ» ይላታል። እሷ፣ ይሄ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ፊቷ ቆሞ እያለ፣ ዛሬም «አንተ ልጅ» ነው የምትለው። ከላውንደሪው ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች አብረው ይኖራሉ። እሷ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ናት። ጋውኗን እሱ ያጥባል፣ እሱ ይተኩሳል። የሷ ጋውን አንገት እንደ መስተዋት ያበራል፤ ሐኪሞቹ እሷ አጠገብ ሲቆሙ ራሳቸውን ያልታጠቡ አድርገው ያያሉ ይባላል።

ዱሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ወንድምና እህት ቪዲዮ ቤት ነበሩ። አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ አንድ ክፍል ነው። የሚመርጡት ፊልም ደግሞ በሁለት ሳንቲምና በአንድ ባልዲ ቀይ ቀለም የተሠራውን ነው። የሚቆረጠው እጅ ጥጥ የተጎሰጎሰበት የጎማ ጓንት ነው። የሚበረው ጭንቅላት ጢም የተሳለበት ሐብሐብ ነው፤ መሬት ሲነካ ፍሬው ይበተናል። ከመቃብር የተነሳው ሬሳ ሰዓት አስሯል። እንዲያውም አንዱ ሬሳ ሰው ሊበላ እያዘገመ ሳለ ቆም ብሎ ሰዓቱን አይቷል፤ ሌላ ቀጠሮ ሳይኖረው አይቀርም።

ካውያው በነዚህ ፊልሞች አይስቅም፤ ይጨነቃል። «ያንን ሸሚዝ ተመልከቺ እትዬ! አሁኑኑ ቀዝቃዛ ውሃና ጨው ቢያገኝ ይተርፋል እኮ!» ይላል፣ ለለባሹ ሳይሆን ለሸሚዙ እያዘነ። እሷ ግን እንባዋ እስኪወርድ፣ ወንበሩ እስኪነቃነቅ ትስቃለች። ያን ጊዜ ሳቋ ከቪዲዮ ቤቱ ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ ካፌያችን ይገባ ነበር፤ አስተናጋጁ ስኳር ስንት ይሁንልህ ብሎ መጠየቅ ነበር የቀረው።

አንድ ቅዳሜ ካውያው ጠየቃት። «እትዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደም ስታዪ ከርመሽ ደግሞ ደም ለማየት ወረፋ ትይዣለሽ?»

«እሱን ደም አልከው?» አለችው። «ያ ጉሮሮውን የታረደው ሰውዬ ወድቆ ሲያስል አላየኸውም? ሞቶ አሳለ እኮ! እኔ ዘንድ የሞተ አይስልም፣ አንተ ልጅ። እዚህ ግን ሁሉም ይነሳል። ተነስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ሻዩን ጠጥቶ ቤቱ ይገባል። እስኪ ከዚህ የሚበልጥ ምን ደስ የሚል ነገር አለ?»

ካውያው ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ፊልም ባየ ቁጥር ሸሚዙን ትቶ የሬሳውን ደረት ያይ ጀመር። እውነትም ይተነፍሳል።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ እህቱ ከሥራ ተመልሳ ጋውኗን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወደ ጀርባው ክፍል አለፈች። ካውያው ዘረጋው። እጅጌው ላይ እጅ ነበር። የትንሽ ልጅ እጅ፣ በደም የታተመ፣ አምስቱም ጣት፣ አጥብቆ የያዘ። ሰውዬው እድፍ ማንበብ በመቻሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ አጠበው፤ ደግሞ አጠበው፤ ተኩሶ ሰቀለው። አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት ተራ ከሰዓት ሆነ። ሳቁም መንገዱን ተሻግሮ አልመጣም። እንዲህ እያለ ዓመት ሞላ።

ዓመት በሞላ በአንድ ዓርብ እህቱ ጋውኑን ይዛ መጣች።

«በደንብ ተኩስልኝ» አለችው። «ሰኞ ንብረት ክፍል እመልሰዋለሁ።»

«አዲስ ሊሰጡሽ ነው?»

«አዲስ አልፈልግም። ደብዳቤዬን ጽፌያለሁ። በቃኝ።»

ካውያው የፈራው ቤቱ ይጎድላል ብሎ አልነበረም። እጆቿን ነው የፈራው። ሠላሳ ዓመት ሰው ደግፈው የኖሩ እጆች፣ ከሰኞ በኋላ ጉልበቷ ላይ ባዶ ሆነው ተቀምጠው በዓይነ ኅሊናው አያቸው። ለሁሉም እድፍ መድኃኒት አለው፤ ለዚህ ግን ጨውም፣ በረኪናም፣ ሎሚም አላገኘለትም። ጋውኑን ተኩሶ ዘንጉ ላይ ሰቀለው።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ታቅፎ መጣ። ይሄ ሰውዬ ዕድሜውን በሙሉ ሙሽራ ሲቀርጽ ኖሮ፣ ሙሽራ ስለሰለቸው፣ «ሙታን የሚነሱበት ሆስፒታል» የሚል ከባድ አስፈሪ ፊልም ጀምሯል። በሱ ቤት ይሄ ፊልም ሕዝብን ያንቀጠቅጣል፣ ደካማ ልብ ያለውን በር ላይ ያስቀራል። ላውንደሪውን የመረጠው ጭጋጉ በነፃ ስለሚገኝ ነው፤ የተንጠለጠሉት ልብሶችም ያለ ምሳ መናፍስት ሆነው ይሠሩለታል። ዋናውን ሬሳ፣ ማለትም ሐኪሙን የሚበላውን ሬሳ፣ የካፌያችን አስተናጋጅ ነው የያዘው፤ ባለ ሪዙ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ የሰማነው ከሱ ነው።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለ ቀራጩ። «ሐኪሙን የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ሙሽራ ሊላጭ ተጠርቶ ሄደ። አንተ ተኛልኝ።»

«እኔ ተዋናይ ነኝ እንዴ?»

«ተዋናይ ማን አለህ? ተበልተህ ትሞታለህ፣ አለቀ። ለመሞት ትምህርት ያስፈልጋል?»

«ልብሱስ?»

ቀራጩ ቀና ብሎ ዘንጉን አየ። የእህትየው ጋውን በእንፋሎቱ ውስጥ ብቻውን ያበራ ነበር።

«እሱማ አይሞከርም!» አለ ካውያው። «የእትዬ ነው። ሰኞ ንብረት ክፍል ይገባል።»

«ታዲያ ዛሬ ቅዳሜ አይደል? አንተ አይደለህ ወይ የከተማው አንደኛ? ነው ወይስ ያ ከመንገዱ ጫፍ ያለው ሰውዬ ዘንድ ልውሰደው?»

አስተናጋጁ እንደሚምለው፣ ካውያውን የገደለው ይሄ ነገር ነው፤ ሬሳው አልነበረም። ካውያው ካውያውን ነቀለ፤ ቀራጩ ያመጣውን የደም ባልዲ ጠጋ ብሎ አሸተተ።

«ደሙ ምንድን ነው?»

«ቀይ ሥር፣ ተቀቅሎ፣ በስኳር።»

«ቀይ ሥር!» አለ ካውያው፣ ሌላው ሰው «እባብ!» እንደሚለው። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ከመደርደሪያው የዱቄት ሳሙና አወረደና አንድ ጣሳ ሙሉ ባልዲው ውስጥ ጨመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ከወዲሁ ነዋ! ሲፈስ እያጠበ ይፈሳል።»

ይሄን ሊያስብ የሚችል ልብስ አጣቢ ብቻ ነው። ሐኪም ቢሆን ደም እንዲረጋ ያስባል፤ ካውያው ግን ደሙን ከነማጠቢያው አዘጋጀው። ጋውኑን ለበሰ፤ ገና ትኩስ በሆነው የመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተኛ። ከአንገትጌው ሥር ቀጭን የጎማ ቱቦ ገባ፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ከባልዲው በሚስብ፣ በእግር በሚረገጥ ልብስ ማርጠቢያ ፓምፕ ላይ ታሰረ። ቀራጩ «ጀምር!» አለ። ባለ ሪዙ ሬሳ በጭጋጉ ውስጥ እያዘገመ መጣ፣ በልብሶቹ መሐል አለፈ፣ ጎንበስ ብሎ የሐኪሙን አንገት ነከሰ። ቀራጩ ፓምፑን በሙሉ ኃይሉ ረገጠ።

ደሙ አልተረጨም። አረፋ ደፈቀ።

በመጀመሪያ እንደ አንገት ልብስ ዞረው። ከዚያ ጢም ሆነ። ከዚያ ጆሮውን አልፎ ጠረጴዛው ጫፍ ደረሰ። በአረፋው መሐል ሮዝ ፊኛዎች እያበጡ፣ እየተላቀቁ፣ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ ተነሱ። ፀሐይዋ በጎን መስኮት ገብታ ነበርና እያንዳንዱ ፊኛ ውስጥ አንድ ትንሽ መስኮት በራ። በኮቶቹና በቀሚሶቹ መሐል ቀስ ብለው ተንሳፈፉ፤ የአንዱን ኮት ትከሻ ነክተው፣ የአንዷን ቀሚስ እጅጌ ዞረው ሄዱ። ቀራጩ ፓምፑን መርገጥ ረስቶ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሬሳውም መንከሱን ረሳ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የአረፋው እሽሽታ ብቻ ነበር።

በዚህ መሐል የጀርባው በር ተከፈተ። እህትየው ጋውኗን ልትወስድ መጥታለች።

አየች። ጋውኗን አየች። ጋውኗ ውስጥ፣ ያሳደገችው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ተዘርግቷል። ፊቷ አመድ ሆነ። አስተናጋጁ ሲናገር፣ «በሕይወቴ ሰው በልቼ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም» ይላል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ሮዝ ፊኛ ከላይ ወርዶ፣ ወርዶ፣ የአስተናጋጁ ሪዝ ላይ አረፈና ፈነዳ።

ያኔ ሳሙናው የካውያውን አፍንጫ አገኘው። ሟቹ ሐኪም ሊቋቋም ሞከረ። ደረቱ ተነሳ፣ ወረደ፣ ከዚያ አሳለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው ከአፉ አረፋ ወጣ።

«አሳለ!» አለች እህትየው፣ በቀጭን ድምፅ። «ሞቶ አሳለ!»

ሳቀች። ዓመት ሙሉ የታመቀ ሳቅ በአንድ ጊዜ ወጣ። የበሩን ጉበን ይዛ ሳቀች፣ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ ከሳቁ መሐል አለቀሰችና እንደገና ሳቀች። ወንድሟን በአረፋው ውስጥ ፈልጋ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ተነስ፣ አንተ ልጅ! ተነስ፣ አቧራህን አራግፍ!» እሱም ተነሳ። እኛ ካፌ ሆነን ሳቁ መንገዱን ሲሻገር ሰማነው። መስኮት አልተሰነጠቀም፤ እኔ ራሴ አይቻለሁ። ግን ማኪያቶ በእጁ የያዘ ሁሉ አስቀምጦ ነበር ያዳመጠው።

እሑድን ካውያው ሲያጥብ ዋለ። ቀይ ሥሩ ከነሳሙናው እየጮኸ ወጣ፤ አንዲት ጥፍር የምታክል ቦታ ብቻ፣ አንገቱ ላይ፣ ሮዝ ሆና ቀረች። የሙያው ሰዎች ሲጠየቁ ነገሩ ቀላል ነው ይላሉ። ጠረጴዛው ትኩስ ነበር፤ ቀይ ሥር ሙቀት ካገኘ ጨርቁን የኔ ነው ብሎ ይይዘዋል። ተንኮል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም።

ሰኞ ማለዳ እህቱ ደብዳቤዋን ይዛ መጣች። ጋውኑን ብርሃን ላይ አነሳችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ይወጣል» አለ ካውያው፣ ወለሉን እያየ።

«እንዲህ ሆኖ አልመልሰውም። ያበላሸችውን ጥላብን ሄደች ይሉኛል።» ከዚያ ለበሰችው፤ ደብዳቤውን አጥፋ የጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «እስኪወጣ ድረስ ልሥራበት።»

በሩ ላይ ስትደርስ አንገቷን ዳሰስ አደረገችና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች እንዳልሆነ ከኋላዋም ያስታውቅ ነበር።

ፊልሙ በወሩ ቪዲዮ ቤት ታየ። ቀራጩ በር ላይ ቆሞ ልባቸው ደካማ የሆኑትን ሲያስጠነቅቅ ነበር፤ ውስጥ ግን ሕዝቡ ከአግዳሚ ወንበር ወደቀ። እህትየው ስትስቅ ካሜራው አልጠፋም ኖሮ ሳቋ ፊልሙ ውስጥ ቀርቷል፤ ሰዉ እሷን እየተከተለ ይስቃል። ቀራጩ ሁለት ቀን ታመመ፤ በሦስተኛው ቀን «ሐሳቤ መጀመሪያም ኮሜዲ ነበር» ብሎ ተነሳ። ቅዳሜ ከሰዓት እንደገና ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ።

ይሄ ሁሉ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ካውያው የሬንጅ እድፍ አውጥቷል፣ የዝገት አውጥቷል፣ ሰው ተስፋ የቆረጠበትን የሙሽራ ቬሎ አድኗል። የአንገቷ እድፍ ግን አለች። ጋውኑ በየሳምንቱ ይታጠባል፣ እሷ በየሳምንቱ አለች፤ ደብዳቤውም ከጋውኑ ኪስ ጋር ስንት ጊዜ ታጥቦ ነጭ ወረቀት ሆኗል። ወሬው የተወለደው ከዚህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ መቋቋም አቃተንና አንድ ሸሚዝ ሰበብ አድርገን፣ አስተናጋጁን አስቀድመን፣ ባንኮኒው ላይ ተደገፍን። ካውያው ጋውኑን እየተኮሰ ነበር። እህቱ ከጀርባ ክፍል ሆና ለቪዲዮ ቤት ትለባብሳለች፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

«ጋሼ ካውያው» አለ አስተናጋጁ፣ «እንዲያው ለአንድዬ ብለህ እውነቱን ንገረን። ሳሙናውን ሆን ብለህ አይደል?»

«የምን ሳሙና?» አለ ካውያው፣ ቀና ሳይል።

«ደሙ ውስጥ የጨመርከውን ነዋ!»

«ደም ውስጥ ሳሙና የሚጨምር ጤነኛ ሰው አለ?»

«አንተን ነክሼህ አፌ ውስጥ ሳሙና ገብቶ እኮ ሳምንት ሙሉ ፉጨት ሳፏጭ አረፋ ነበር የሚወጣው!»

«ነክሰኸኝ አታውቅም። ፊልምም ሠርቼ አላውቅም።»

«ሰፈሩ ሁሉ ፊልሙ ላይ አይቶሃል!»

«እኔን የሚመስል ሬሳ ነው። ሞልቷል።»

«እሺ፣ እትዬ ዓመት ሙሉ ሳቋ ጠፍቶባት እንደነበረስ?»

ካውያው ካውያውን አቆመ። በእንፋሎቱ ውስጥ ተመለከተን፤ አስተያየቱ የሚያስቅ አልነበረም።

«እህቴ ሳቋ አንድም ቀን ጠፍቶባት አያውቅም» አለ። «ሥራዋንም ልትተው አስባ አታውቅም። ማንም ምንም አላደረገላትም፤ ምንም አልጎደላትም። እናንተ ካፌ ቁጭ ብላችሁ የምትፈትሉት ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው። ገባችሁ?»

ገርበብ ካለው በር ጀርባ ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ታፈነ። እኛ ግን ዓይናችን ጠረጴዛው ላይ ነበር። አስተናጋጁ ጣቱን ዘረጋና የጋውኑን አንገት ጠቆመ።

«ይቺስ?»

ካውያው ጎንበስ ብሎ አየ። እንደማያውቃት ሆኖ አየ። ጋውኑን ብርሃን ላይ አነሳ፣ አገላበጠ፣ መልሶ ዘረጋ፤ ካውያውን በእድፏ ዙሪያ፣ ሳይነካት፣ ቀስ አድርጎ አሳለፈ።

«ሲመጣም እንዲህ ነበረ» አለ።